ድጅኖው ምን አለ?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ አስረከብኩ። አካፋ፣ መዶሻ፣ ውሃ ልክ፣ ሁለት ባሬላ፣ ቀለሙ የለቀቀ የራስ ቆብ። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ እየመዘገበች ቆይታ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ድጅኖ ስታይ፣ "እሱስ ካቦ?" አለችኝ። እሱ የመንግሥት አይደለም፣ የአባቴ ነው አልኳት። ሳቀች። ሠላሳ አራት ዓመት መንገድ ሠርቶ የሚሰናበት ሰው የአባቱን ብረት ተሸክሞ ይወጣል ብላ አልጠበቀችም መሰለኝ። እኔ ግን ከዚያ መሥሪያ ቤት ሁለት ነገር ይዤ ወጥቻለሁ። አንደኛው ያ ድጅኖ ነው። ሁለተኛውን እስከዚያ ቀን ለማንም አሳይቼው አላውቅም ነበር፤ ይህን የምጽፈውም እሱን ላሳይ ብዬ ነው።

ድጅኖ ለማያውቀው ሰው ረጅም፣ ወፍራም፣ ጫፉ የሾለ ብረት ነው። ድንጋይ ይፈነቀልበታል፣ ጉድጓድ ይጀመርበታል። የአባቴ ድጅኖ ከተሰበረ የጦር መኪና ብረት አንጥረኛ ያወጣለት ነበር። እኔ ስረከበው ግንባሬ ድረስ ይደርስ ነበር፤ ዛሬ ደረቴን አያልፍም። በደነዘዘ ቁጥር እሳት ገብቶ ይሳላል፣ በተሳለ ቁጥር ደግሞ ትንሽ ያጥራል። እኔም ስንት ዓመት እንደሠራሁ ለማወቅ ካላንደር አላይም፤ አጠገቡ መቆም ይበቃኛል።

አባቴን መካነ ሰላምና ዙሪያዋ የሚያውቁት ሃምሳ አለቃ እንድሪስ ብለው ነው። በወጣትነቱ ወታደር ቤት ገብቶ መሐንዲስ ጦር ውስጥ ተመደበ። ድልድይ ዘርግቷል፣ ገደል ቆርጦ መንገድ አውጥቷል፣ በምሥራቅ ግንባር ደግሞ ፈንጂ ሲያወጣ ከርሟል። አብረውት ከዘመቱት የመንደራችን ሰዎች ግማሹ አልተመለሰም፤ ከተመለሱትም በሁለት እግሩ የመጣው እሱ ብቻ ነበር። እናቴ ይህን ለእንግዳ ሁሉ ትናገር ነበር፣ "በሁለት እግሩ" ስትል ሁለት ጣቷን እያሳየች። ሁለት ሜዳሊያ ነበረው። አድርጎት ያየው ሰው የለም፤ እናቴ ከመርፌና ከክር ጋር በአንድ ቆርቆሮ አስቀምጣው ኖራለች።

ቤቱ ሰው የማይጠፋበት ቤት ነበር። የራሱን ሰባት ልጆች አሳደገ፣ የሞቱ ጓዶቹን ልጆችም ጨመረ። አክስቴ ክርስቲያን አግብታ ስለነበር በዓል ሲደርስ በግቢያችን ሁለት ቢላ ይሳላል፤ አባቴ ሁለቱንም ራሱ ይስልና አንዱን ለባሏ ያቀብላል። ሲቆጣ አይጮህም፤ ዝም ይላል። ከዝምታው ይልቅ ዱላው ይሻለን ነበር፤ ግን ዱላ የለውም። በዚህ የተነሳ እኛ ልጆቹ ሁላችንም ፊት ማንበብ የምንችል ሆነን አደግን።

ጦሩን ከተሰናበተ በኋላ በአካባቢው ያለ እሱ መሠረት የሚጥል አልነበረም። ቤት የሚሠራ፣ ምንጭ የሚያጎለብት፣ እርከን የሚክብ ሁሉ "ሃምሳ አለቃ መጥተው ይምቱልን" ይላል። ይመጣል። ጫማውን ያወልቃል፣ በባዶ እግሩ ቦታውን ዞር ዞር ይልበታል፣ ከዚያ ድጅኖውን አንስቶ ሦስት ጊዜ ይመታል። የመጀመሪያው ሰላምታ ነው ይለኛል፣ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሦስተኛው መልስ። አለት ከሆነ ብረቱ ይዘላል፣ ድምፁ ይጠራል፣ መዳፍህን ያቃጥልሃል። ዋልካ ከሆነ ይነክስና አልለቅም ይልሃል። ደለል ከሆነ ግን ያለ ድምፅ ይገባል። "የሚጮኸውን አትፍራ፤ ዝም የሚልህን ፍራ" ይለኝ ነበር። አፈሩ ያልጣመው እንደሆነ ባለቤቱ ቢለምን ቢቆጣ አይሰማም፤ ድጅኖውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል።

ከፈንጂ ያመጣት አንዲት ሕግ ነበረችው። ያልረገጥከውን መሬት አትመስክርለት። እዚህ ደህና ስለሆነ እዚያም ደህና ነው ያሉ ጓዶቹን በእጁ ቀብሯል። ይህችን ሲናገር ብቻ ነው ድምፁ ወታደር የሚሆነው።

እኔ መንገድ ሥራ የገባሁት በቀን ሠራተኝነት፣ አቀስታ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ እጅን ከብረት ጋር ያጣብቃል፤ ገብሱ ሳይቀር የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ወደ ቤት ልመለስ ሳስብ አባቴ ድጅኖውን ላከልኝ። መልእክት አልነበረውም። ብረቱን ብቻ በጭነት መኪና ጭኖ፣ ለሾፌሩ "ለልጄ ስጥልኝ" ብሎት ነው። የተረዳሁትም ልመለስ እንደማልችል ነው። ከቀን ሠራተኛ ወደ ግንበኛ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ካቦ ከፍ አልኩ። አለቆች አለፉብኝ። አንዱ መሬትን ከወረቀት ያነበበ ሰው ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ወንዝ ከሌለ ጫማው ውስጥ ውሃ ቢገባም ወንዝ የለም ይላል። ሌላው ደግሞ ከመኪና ሳይወርድ በመስኮት እጁን ዘርግቶ የሚያዝ ነበር፤ መስኮት ብለን ስም አወጣንለት። ደመወዙ ወሩን ያስጨርስ ነበር፣ አንዳንዴም ኑሮ ይጨርሰው ነበር፤ ከዚህ በላይ አልናገርለትም።

ወደ ቤት በተመለስኩ ቁጥር አባቴ ሰላምታው ሳያልቅ፣ "ድጅኖው ምን አለ?" ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ቦታ በቦታ እነግረዋለሁ። የትኛው ጮኸ፣ የትኛው ነከሰ፣ የትኛው ላይ ስንት ክንድ ወረድን። ሌላ ሰው ስለ ልጅና ስለ ከብት ይጠያየቃል፤ እኛ ስለ አፈር እናወራ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አባቴ እንደ እኩያው የሚያየኝ በዚያች ሰዓት ነው።

እንዲህ እያለ የጥንጁት ሥራ መጣ።

ጥንጁት በቀዬአችንና በመካነ ሰላም ከተማ መካከል የሚያልፍ ወንዝ ነው። በበጋ ከጉልበት አያልፍም። ክረምት ሲገባ ግን ገበያውንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ ጤና ጣቢያውንም ከእኛ ይቆርጣል። ሕዝቡ አመለከተ፣ ተፈቀደ። ሲሚንቶና ካቦ ከመንግሥት፣ ድንጋይና ጉልበት ከሕዝቡ ተባለ። ካቦው እኔ ልሁን ብዬ ለመንኩ። የአገሬን ድልድይ በአባቴ ፊት ልሠራ! በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ያበላሸኝም እሱ ይመስለኛል።

በእኛ አገር ዱዓ ሳይደረግ ሥራ አይጀመርም። ሽማግሌዎቹ ቀን ቆረጡ፤ ቦታውም ሰዉ ከድሮ ጀምሮ የሚሻገርበት መልካ እንዲሆን ተስማሙ። በዋዜማው በእኛ ዳር ያለውን መታሁ። ጮኸ፤ ጥሩ አለት ነው። የማዶውን ዳር ውሃውን ተሻግሬ ጠዋት በማለዳ እመታዋለሁ አልኩ። ጠዋት ስደርስ ግን ሰዉ ቀድሞኝ ተሰብስቧል። ከከተማው በኩል የመጡት ሱሪያቸውን ሰብስበው ተሻግረው ዳር ላይ እየጨመቁ ነው። ሸሆቹ ተቀምጠዋል፣ ቄሱም መጥተዋል፣ በጉም ተጎትቷል፣ የድልድዩ እግር የሚያርፍበትን የሚያሳየው ካስማም በሁለቱም ዳር ተተክሏል። ዱዓውን የሚከፍተው አባቴ ነው፤ ሁሉም እሱን መርጠዋል።

አባቴ ድጅኖውን በእጄ አይቶ፣ "ድጅኖው ምን አለ?" አለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"ደህና ነው አባ፣ አለት ነው" አልኩ።

ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። ከዚያ እጁን አነሳ፣ ሰዉም አሚን አለ።

በሦስተኛው ቀን ማዶ ቁፋሮ ጀመርን። ከላይ አንድ ክንድ ያህል ጠንካራ አፈር አለ። ከዚያ በታች ድጅኖው ያለ ድምፅ ገባ። ሁለተኛ መታሁ፣ ገባ። ሦስተኛ መታሁ። ግንበኛው አያሌው አጠገቤ ነበር፤ በሥራ አብረን የሸበትን ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። ቁልቁል አየና ይሄ የወንዙ የድሮ መንገድ ነው፣ ደለል የሞላው ነው አለኝ። ሃያ ርምጃ ወደ ላይ ብንሄድ በሁለቱም ዳር ጥሩ አለት እንዳለ እሱም ያያል፣ እኔም አያለሁ፤ ጥቁር ጀርባው ከውሃው በላይ ወጥቶ ይታያል።

"ዱዓ የተደረገበት ቦታ ነው" አልኩት።

"እሱስ ነው" አለኝ አያሌው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ካቦው እኔ ነኝ።

ይህን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በዱዓ የተተከለ ካስማ መንቀል ዱዓው አልሰመረም ማለት ይመስላል። ዱዓው ደግሞ ከአባቴ አፍ የወጣ ነው። ነገ ሰዉ የሃምሳ አለቃ ዱዓ ደለል ላይ ወደቀ ሊል ነው። ስለዚህ አባቴን ላለማዋረድ ዝም አልኩ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዛሬ ግን እውነቱን ልናገር፤ የፈራሁት ለራሴ ነው። ያልረገጥኩትን መሬት በሰው ፊት አለት ነው ብያለሁ። ካስማው ከተነቀለ ውሸቴም አብሮ ይነቀላል። ትልልቅ ድንጋይ አስሞላን፣ ሲሚንቶ አፈሰስንበት፣ ግንቡን ቀጥ አድርገን አወጣነው። ከላይ ሲያዩት የሚያምር ድልድይ ሆነ።

አንድ ክረምት ቆመ። ሰዉ መረቀኝ። በሁለተኛው ክረምት፣ በነሐሴ፣ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ በበቅሎው ከከተማ ሲመለስ የማዶውን እግር እንደረገጠ ግንቡ ከሥሩ ተንሸራተተ። በቅሎዋን ውሃ ወሰዳት። አባቴን ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ከድንጋዩ መሐል ጎትተው አወጡት። ዳሌው ተሰብሯል። ለድልድዩ ድንጋይ ባመላለስንበት ባሬላ ተሸክመው ወሰዱት።

እኔ አቀስታ ነበርኩ፤ በማግስቱ ደረስኩ። ጉልበቱን ስሜ ማልቀስ ጀመርኩ። ራሴን ዳበሰኝና "አብሽር" አለኝ። ስለ ድልድዩ ምንም አልጠየቀኝም። ከፈንጂ መሐል በሁለት እግሩ የወጣ ሰው ከልጁ ድልድይ ላይ በባሬላ ወጣ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያለ ምርኩዝ አልሄደም። እናቴ ሁለት ጣቷን ማሳየት አቆመች።

ኮሚቴ ተልኮ መጣ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ጎርፍ ነው ብሎ ጻፈ፣ እኔም ፈረምኩ። ሰዉም የፈጣሪ ሥራ ነው አለ። በዓመቱ ዋና ካቦ አደረጉኝ። አያሌው ከእኔ ጋር መሥራት ተወ፤ ጠላኝ አልልም፣ ፊቴን ማየት የከበደው ይመስለኛል። ልጁ ዘንድ ሄዶ እዚያው ሞተ፤ ለማንም ትንፍሽ ሳይል። ጥንጁት ላይ ሌላ ድልድይ የሚሠራ አልተገኘም፤ ሰዉ እንደ ድሮው ውሃው ውስጥ እየገባ መሻገር ቀጠለ።

አባቴ እንደቆመ፣ በምርኩዙ ማለቴ ነው፣ ጥያቄውም ተመለሰ። "ድጅኖው ምን አለ?" እነግረዋለሁ። የአቀስታውን፣ የደጎሎውን፣ የሁሉንም። እንደ ድሮው ይሰማኛል። ልዩነቱ፣ ስጨርስ "እሺ" ይልና ጥቂት ይቆያል፤ የሚጨመር ነገር እንዳለ ሁሉ። እኔ እርጅና ነው እል ነበር። አስራ ሁለት ዓመት እርጅና ነው አልኩ።

ከጥንጁት በኋላ በሥራዬ ጨካኝ ሆንኩ። ሁለቱን ዳር ራሴ ሳልመታ ካስማ አላስተክልም። ሠራተኞቹ ከኋላዬ "ካቦ ሦስቴ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ግን ደጎሎ አካባቢ የውሃ ማሳለፊያ ስንሠራ ከእኔ በፊት የነበረው ካቦ ካስማ አስተክሎ፣ ዱዓም አስደርጎ ጠበቀኝ። መታሁት። አንዱ ዳር ዝም አለ። ያ መስኮት ያልነው አለቃ በስልክ ሕዝቡን እንዳታስቀይም ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ግን ሥራውን አቆምኩና ዱዓውን ወዳደረጉት ሸህ ቤት ሄድኩ። ሸሁ በደጃፋቸው ገብስ ያበጥራሉ። ነገሩን ተናግሬ ሳልጨርስ ሳቁ።

"ልጄ፣ ዱዓችን ለሰዉ ነው የወጣ እንጂ ለካስማው አይደለም። ሰዉ ደግሞ ጥቂት ርምጃ መሄድ አያቅተውም" አሉኝ።

ወንፊቱን አስቀምጠው ተከተሉኝ። ሁለት ሦስት ሽማግሌ በመንገድ ላይ ጠሩ፤ አዲሱ ቦታ ላይ ቆመው እጃቸውን አነሱ፣ አሚን አልን፣ አለቀ። ሲኒ ቡና የሚጠጣበትን ጊዜ ያህል እንኳ አልፈጀም። ከመኪናው ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። የአባቴ ዳሌ፣ የበቅሎዋ ሞት፣ የሰዉ ሁሉ መከራ ለዚህ ነበር? ይህን ያህል ቀላል ነገር ለመጠየቅ አፍሬ?

ያን ጊዜም ለአባቴ አልነገርኩትም። ዛሬ ነገ ስል ጡረታዬ ደረሰ።

ድጅኖውን ይዤ ቤት ስገባ አባቴ ዘጠናን ካለፈ ቆይቷል። ከአልጋ አይወርድም። እህቴ ዘሐራ ትጠብቀዋለች፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። ብረቱን አልጋው ላይ አስደገፍኩለት። በእጁ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፣ ቁመቱን በስንዝር ለካ።

"አጥሯል" አለ። ቀጥሎም እንደ ልማዱ፣ "ድጅኖው ምን አለ?"

እኩለ ቀን ነው። ዘሐራ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ሌላ ቀን ብዬ የምገፋበት ዕድሜ ለእሱም ለእኔም እንዳልቀረ አየሁ።

"የጥንጁት ማዶ ዝም አለኝ አባ" አልኩት። "ሦስቴ መታሁት፣ ሦስቴ ዝም አለኝ። እያወቅኩ ሠራሁት።"

ዓይኑን ጨፈነ። የገደልኩት መሰለኝ። ከዚያ በቀስታ ተናገረ።

"የዚያን ዕለት ጠዋት ሱሪህ ደረቅ ነበር።"

ምን እንደሚል አልገባኝም።

"ከማዶ የመጣው ሰው ሁሉ ይጨምቃል፤ ያንተ ሱሪ ደረቅ ነው። ውሃውን ያልተሻገረ ማዶን አይመታም። አየሁህ። ተመለስና ምታ ልልህ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጄን እንዴት ላዋርድ? አፈርኩ። እያወቅኩ እጄን አነሳሁ። ፈንጂ ላይ ያላደረግኩትን ለልጄ ብዬ አደረግኩ።"

እኔ ለእሱ ስል ዝም ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ እሱም ለእኔ ሲል ዝም ብሏል። በሁለታችን ሐፍረት መካከል ነው ድልድዩ የቆመው፤ ለካ ደለሉ ያ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" አልኩት።

"አንተ ታነሳዋለህ ብዬ ጠየቅኩህ። ዓመት በዓመት ጠየቅኩህ። አንተ ካላነሳኸው እኔ ከየት ልጀምር?" እጄን ያዘኝ፤ መዳፉ አሁንም እንደ ብረት ይሻክራል። "እግሬስ የእኔ ነው፣ ምንም አይደል። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው። ሃያ ርምጃ ወደ ላይ ሂድ። ለሰዉም ንገር። የእኔንም ጨምረህ ንገር።"

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በአንድ ዓርብ ረፋድ ሄደ። ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር ማለቴ ነው፣ ተጠራ። በእኛ አገር ቅሬ ሃይማኖት አይለይም፤ እስላሙ መቃብር ሲቆፍር ክርስቲያኑ ድንጋይ ያቀብላል። ሽማግሌ ወታደሮች ምርኩዛቸውን ይዘው ከሩቅ መጡ። አባቴን ለመሸከም ወረፋ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ሰደቃ ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ለዘሐራ የማደርገውን ነገርኳት። ተቆጣች። የራስህን ተናገር፣ የአባን ግን ከእሱ ጋር ቅበረው፤ መልስ ሊሰጥ በማይችልበት ሰዓት ስሙን አታንሳ አለችኝ። እውነት አላት። ዘጠና ዓመት በንጹሕ የኖረ ሰው በአንድ ጠዋት ሊታወስ ነው? እኔም ብቻዬን ብወስደው ይቀለኝ ነበር። ግን "ጨምረህ" ያለው እሱ ራሱ ነው፤ በሕይወቴ ካዘዘኝ የመጨረሻው ነው።

ሰዉ ከበላ በኋላ ስለ አባቴ መመስከር ጀመረ። አንዱ ያሳደገው ልጅ ተናገረ፣ አንዱ ስላወጣለት ምንጭ። የቅሬው ዳኛ ሸህ ይማም ተነሥተው ለሃምሳ አለቃ መቃብር የብረት አጥር እናድርግላቸው አሉ። ሰዉ ተስማማ። እኔ ድጅኖውን ይዤ ቆምኩ። አጥሩ ይቅር፣ አባቴ የተናዘዘው ሌላ ነው አልኩ። ከዋዜማው ጀምሬ፣ ደረቅ ሱሪዬን፣ "አለት ነው" ያልኩትን፣ ደለሉን፣ አያሌውን፣ የኮሚቴውን ወረቀት፣ አባቴ አይቶ ዝም ማለቱን፣ አንዱንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ዘሐራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከሴቶቹ በኩል ጎረቤታችን እትዬ ጦይባ ተነሣች።

"ልጄ ምጥ ይዟት፣ ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ ባልንበት ክረምት፣ ይህን ታውቅ ነበር?"

ሕፃኑ እንዳልተረፈ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። "አውቅ ነበር" አልኩ።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ይቅር አላለችኝም፤ እስከ ዛሬም አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። "ታዲያ አሁን ከየት ነው የሚጀመረው?" አለች።

"ሃያ ርምጃ ወደ ላይ" አልኩ።

ቅሬው ለአጥሩ ያሰበውን ጉልበት ለድልድዩ አደረገው። መሥሪያ ቤቱ የጻፍነውን ማመልከቻ ካገላበጠ በኋላ ሲሚንቶውን ሰጠ። ካቦ የለም ሲሉ እኔ አለሁ አልኩ፤ ጡረታ የወጣው ደመወዜ ነው እንጂ እጄ አይደለም።

የዱዓው ቀን ከሰዉ ሁሉ ቀድሜ ወረድኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። የእኛን ዳር መታሁ፤ ጮኸ። ውሃው ውስጥ ገባሁ፤ እዚህ እንደ መልካው አይደለም፣ ጭኔ ድረስ ነው፣ ይበርዳል። ማዶ ወጥቼ ሦስት ጊዜ መታሁ። ብረቱ ዘለለ፣ መዳፌን አቃጠለኝ። እንዳልተሳሳትኩ ለማረጋገጥ አራተኛም መታሁ፤ አባቴ ቢያየኝ ይስቅ ነበር። ስመለስ ሽማግሌዎቹ ደርሰዋል፣ ዘሐራም መጥታለች፣ እትዬ ጦይባም ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች።

ሸህ ይማም ወደ ካስማው ቀረቡ። እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ ተዉትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ድጅኖው ምን አለ?" አሉኝ።

"በሁለቱም ዳር ጮኸ" አልኩ።

ቃሌን ሰምተው አላበቁም። ጎንበስ ብለው ሱሪዬን አዩ። ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃው ይንጠባጠባል፣ እግሬ ሥር ያለው አፈር ርሷል። እትዬ ጦይባም አየችው። ከዚያ በኋላ ነው ሸሁ እጃቸውን ያነሱት።